ጄምስ ዊልኪንሰን፦ የማጠጋጋት ስሕተትን የለካው ሊቅ እና የኮምፓይለር ኦፕቲማይዜሽን ጥያቄ

አንድ የስሌት ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ በተመሳሳይ ግብአት፣ ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ሁለት የተለያዩ መልሶች ሊሰጥ ይችላል። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ኮምፓይለሩ እንዲፈጽም የታዘዘው የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ከፕሮግራሙ ጽሑፍ አንዲት ፊደል አልተነካችም። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ከሁለቱ መልሶች ትክክለኛው የትኛው ነው ብሎ ነው። ጥያቄው በዚህ መልክ ከቀረበ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም፤ ሁለቱም ትክክለኛውን ቁጥር አይሰጡምና። ጥያቄው በምን መልክ መቅረብ እንዳለበት ያስተማረው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ሃርዲ ዊልኪንሰን ነው። ዊልኪንሰን የኮምፓይለር ባለሙያ አልነበረም። የሙያ ሕይወቱን የጀመረው ኮምፓይለር የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን ሲሆን፣ የሥራ መሣሪያውም በእጅ የሚሽከረከር የጠረጴዛ ሒሳብ ማሽን ነበር። ይሁንና ዛሬ አንድ ኮምፓይለር የስሌትን ቅደም ተከተል ሲለውጥ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ የሚለካው እርሱ ባበጀው መለኪያ ነው።

የችግሩ ምንጭ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ኮምፒውተር አስርዮሽ ያላቸውን ቁጥሮች የሚይዘው ፍሎቲንግ ፖይንት በተባለው፣ ነጥቡ እንደ ቁጥሩ መጠን በሚንቀሳቀስበት አጻጻፍ ነው። በስፋት በሚሠራበት የ64 ቢት ዓይነት 53 ቢት ለአኃዞቹ የተመደበ በመሆኑ፣ አንድ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው ወደ 16 የሚጠጉ አኃዞችን ብቻ ነው። የተረፈው ይጠጋጋል። በዚህ የተነሣ በትምህርት ቤት የተማርናቸው የመደመር ሕጎች በሙሉ አይሠሩም። በ10¹⁶ ላይ 1 ደምረን መልሰን 10¹⁶ ብንቀንስ ውጤቱ 0 ነው፤ የተደመረችው 1 በማጠጋጋት ጠፍታለችና። አስቀድመን 10¹⁶ን ከ10¹⁶ ቀንሰን ከዚያ 1 ብንደምር ግን ውጤቱ 1 ነው። ፍጥነት ፍለጋ ቅንፎችን የሚያዛውር ኮምፓይለር በሒሳብ ዓይን ምንም አላጠፋም። በማሽኑ ዓይን ግን ሌላ ፕሮግራም ጽፏል።

ከስትሩድ እስከ ቴዲንግተን

ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1919 በእንግሊዝ አገር፣ በኬንት ክፍለ ግዛት፣ ስትሩድ በተባለች ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በወተት ንግድ የሚተዳደር ነበር። በሮቸስተር ከተማ በሚገኘው በሰር ጆሴፍ ዊልያምሰን የሒሳብ ትምህርት ቤት ተምሮ ገና በ16 ዓመቱ የካምብሪጁን የትሪኒቲ ኮሌጅ የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘ። በ1939 በከፍተኛ ማዕረግ ሲመረቅ ልቡ ያዘነበለው ወደ ንጹሕ ሒሳብ ነበር፤ ጦርነቱ ባይነሣ ኖሮ ወደ አኃዛዊ ስሌት የሚገባበት ምክንያት አልነበረም። በጦርነቱ ዓመታት ግን ለመንግሥት የጦር መሣሪያ ምርምር ተመድቦ የጥይት ጉዞንና የፍንዳታን ባሕርይ የሚገልጹ እኩልዮሾችን በጠረጴዛ ማሽን ሲፈታ ቆየ። እነዚህ እኩልዮሾች በንጹሕ ሒሳብ ጥበብ ተፈትተው የሚያልቁ አልነበሩም። ቁጥር በቁጥር፣ ረድፍ በረድፍ መሠራት ነበረባቸው።

በግንቦት 1946 በቴዲንግተን ወደሚገኘው ናሽናል ፊዚካል ላቦራቶሪ ተዛወረ። በዚያም የሥራ ሰዓቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹን ከአለን ቱሪንግ ጋር ኤስ በተባለው የኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ንድፍ ላይ፣ ግማሹን ደግሞ በጠረጴዛ ማሽኖቹ ክፍል ያሳልፍ ነበር። ይህ ክፍፍል ለኋላ ሥራው ወሳኝ ሆነ። ቀን ቀን ስለ ወደፊቱ ማሽን የሚያስብ ሰው፣ በዚያው ሳምንት አኃዞች በእጁ ላይ እንዴት እንደሚበላሹ ይመለከት ነበርና። የኋላ ዘመን ተመራማሪ ስሌቱን ለማሽኑ ትቶ መልሱን ብቻ ይቀበላል። ዊልኪንሰን ግን እያንዳንዱ ማጠጋጋት በገዛ ጣቶቹ ሥር ሲፈጸም አይቷል።

18ቱ እኩልዮሾች

በወቅቱ ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት ስለ ትልልቅ የእኩልዮሽ ሥርዓቶች ተስፋ ቆርጠው ነበር ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው ሃሮልድ ሆቴሊንግ በ1943 ባወጣው ጥናት፣ ያልታወቁ ቁጥሮችን በማስወገድ ዘዴ የእኩልዮሽ ሥርዓት ሲፈታ የማጠጋጋት ስሕተቱ እያንዳንዱ ተጨማሪ እኩልዮሽ በመጣ ቁጥር በ4 እየተባዛ ሊሄድ እንደሚችል አመልክቶ ነበር። ይህ እውነት ቢሆን 18 እኩልዮሾች ላሉት ሥርዓት ስሕተቱ 4¹⁷ ጊዜ፣ ማለትም ከ17 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ያድጋል። በ10 አኃዝ የሚሠራ ሰው ሲጨርስ አንዲት የምትታመን አኃዝ አትተርፈውም።

ዊልኪንሰን ከመጣ ብዙም ሳይቆይ ልክ 18 እኩልዮሾች ያሉት ሥርዓት ወደ ክፍሉ ደረሰ። ሥራውን ሌስሊ ፎክስ፣ ጉድዊን፣ ቱሪንግና ዊልኪንሰን ተካፈሉት። ቱሪንግ በጠረጴዛ ማሽን እምብዛም አልሠለጠነም፤ ከዚያም በላይ ሥራው እንደሚከሽፍ ያምን ስለነበር ደስ ብሎት አልገባበትም። ስሌቱ እየተቃረበ ሲሄድ ፍርሃቱ የተረጋገጠ መሰለ። መጀመሪያ ወደ 1 የሚጠጉ የነበሩት አባዢዎች በመጨረሻው እኩልዮሽ ላይ ወደ አንድ አሥር ሺሕኛ ወርደው ተገኙ። ይህም ከ10ሩ አኃዞች 4ቱ መጥፋታቸውን፣ ቢበዛ 6 አኃዝ ብቻ መታመን እንደሚችል የሚያመለክት ነበር።

መልሶቹን በመጀመሪያዎቹ እኩልዮሾች ውስጥ መልሰው ሲተኩ ግን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። የግራውና የቀኙ ወገን የተለያዩት በአሥረኛው አኃዝ ላይ ብቻ ነበር። ትክክለኛው መልስ ራሱ በ10 አኃዝ ተጠጋግቶ ቢተካ ከዚህ የተሻለ ውጤት አይሰጥም። መልሱ 6 አኃዝ ብቻ ትክክል ሆኖ ሳለ እኩልዮሾቹን ግን በ10 አኃዝ ያረካል ማለት ነው።

የዊልኪንሰን ሳይንሳዊ ሕይወት የተገነባው በዚህ ተቃርኖ ላይ ነው። ሲያብላላው ከቆየ በኋላ የደረሰበት ሐሳብ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የተገኘው መልስ የተሰጠው ጥያቄ ስሕተት የሞላበት መልስ ነው ከማለት ይልቅ፣ ከተሰጠው ጥያቄ በጥቂቱ ብቻ የሚለይ የሌላ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው ብሎ ማየት ይቻላል። ስሕተቱ ከመልሱ ተነሥቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ግብአቱ ይመለሳል። ግብአቱ ራሱ ከመለኪያ መሣሪያ የመጣ ከሆነ፣ በአሥረኛው አኃዝ ላይ ያለ ለውጥ መለኪያው ራሱ ከያዘው ጥርጣሬ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዘዴው የሚጠበቅበትን ፈጽሟል። ከዚህ በኋላ መልሱ ከእውነቱ ቢርቅ ጥፋቱ የዘዴው ሳይሆን የጥያቄው ነው። ቱሪንግም በ1948 ባሳተመው ጥናት ይህን የጥያቄ ስሱነት የሚለካ ቁጥር አስተዋወቀ። ጆን ፎን ኖይማንና ኸርማን ጎልድስታይንም በ1947 በተመሳሳይ ጉዳይ ሰፊ ጥናት አውጥተው ነበር፤ የእነርሱ ትንተና ጥልቅ ቢሆንም ለተራው ፕሮግራም ጸሐፊ የሚቀመስ አልነበረም። ነገሩን ሥራ ላይ የሚውል መሣሪያ ያደረገው ዊልኪንሰን ነው።

አታላዩ ፖሊኖሚያል

ቱሪንግ በ1948 ላቦራቶሪውን ለቅቆ ወደ ማንቸስተር ሄደ። ማሽኑን ከፍጻሜ ያደረሱት ዊልኪንሰንና ባልደረቦቹ ናቸው። ፓይለት ኤስ የተባለው አነስተኛው ቅጂ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን የሠራው እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 1950 ነው። ማሽኑ ፍሎቲንግ ፖይንትን በሃርድዌሩ አያውቅም ነበር። ዊልኪንሰንና ጓደኞቹ የፍሎቲንግ ፖይንት መደመርንና ማባዛትን በንዑስ ፕሮግራሞች ጻፉ። እያንዳንዱ ማጠጋጋት የት እንደሚፈጸም ራሳቸው ይወስኑ ስለነበር፣ ዛሬ ኮምፓይለሩ ከፕሮግራም ጸሐፊው የሚወስደው ሥልጣን ያን ጊዜ በእጃቸው ነበር።

ማሽኑን ለመፈተሽ ዊልኪንሰን መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ መረጠ፦ (ቀ−1)(ቀ−2) እያለ እስከ (ቀ−20) የሚቀጥለውን ብዜት። ሥሮቹ ከ1 እስከ 20 ያሉት ሙሉ ቁጥሮች ናቸው። ተባዝቶ ሲዘረዘር የ20ኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል ይሆናል፤ የ19ኛው ኃይል አባዢም −210 ነው። ፕሮግራሙ እነዚህን ሥሮች በቀላሉ ያገኛቸዋል ብሎ ጠበቀ። ያገኘው ግን ትርጉም የለሽ ቁጥር ነበር። መጀመሪያ የጠረጠረው ፕሮግራሙን፣ ቀጥሎ ማሽኑን ነው። ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ተገኙ።

ጥፋተኛው ፖሊኖሚያሉ ራሱ ነበር። −210 በሚለው አባዢ ላይ አንድ ስምንት ሚሊዮንኛ ያህል፣ በትክክል 1 ለ8,388,608 ሲካፈል የሚገኘውን፣ ብንቀንስ ከ20ዎቹ ሥሮች 10ሩ እውናዊ ቁጥር መሆናቸው ይቀራል። 16 እና 17 የነበሩት ወደ 16.73 ሲደመርና ሲቀነስ 2.81 ምናባዊ ይለወጣሉ፤ 20 የነበረውም ወደ 20.85 ይሸሻል። በሌላ በኩል ከ1 እስከ 7 ያሉት ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም ማለት ይቻላል። ዊልኪንሰን ይህን በሙያ ዘመኑ ካጋጠሙት ድንጋጤዎች ሁሉ የከፋው አድርጎ ያስታውሰው ነበር። በ1984 ስለዚሁ ፖሊኖሚያል የጻፈው ድርሰት፣ ከሞተ በኋላ በ1987 የሾቨኔ ሽልማትን አስገኝቶለታል።

ለኮምፓይለር ጉዳይ የዚህ ታሪክ ትርጉም ግልጽ ነው። አንድ ፕሮግራም በኦፕቲማይዜሽን ምክንያት በመጨረሻዋ ቢት ላይ ተለይቶ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ቢገለባበጥ፣ ኮምፓይለሩን ከመክሰስ በፊት የጥያቄውን ስሱነት መመርመር ያስፈልጋል። ኮምፓይለሩ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሠራው ቀድሞ የነበረውን ስንጥቅ መግለጥ ነው። ብዙ ሰዎች ኦፕቲማይዜሽኑን ሲያጠፉት መልሱ ወደ ቀድሞው ስለሚመለስ ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል፤ የተመለሰው ግን ስሕተቱ የለመዱት ስሕተት ስለሆነ ብቻ ነው።

መጻሕፍቱ እና ቅደም ተከተል

ፓይለት ኤስ ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ የአውሮፕላን ክንፍ በበረራ ላይ የሚያሳየውን አደገኛ መርገብገብ መተንበይ ነበር። ይህ የማትሪክስ አይገንቫልዩ ጥያቄ ነው፤ ስሕተቱም የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ዊልኪንሰን በቀጣዮቹ ዓመታት በዚህ ዘርፍ የሠራው ሥራ በሦስት መጻሕፍት ተጠቃለለ። በ1963 ስለ ማጠጋጋት ስሕተት፣ በ1965 ስለ አይገንቫልዩ፣ በ1971 ደግሞ ከክርስቲያን ራይንሽ ጋር በአልጎል ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን የያዘ መድብል አሳተመ። በ1969 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1970 በቀድሞ አለቃው ስም የተሰየመውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ።

በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ከኮምፓይለር ጋር የሚገናኝ፣ በቀላሉ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። የብዙ ብዜቶችን ድምር የሚመለከተው የዊልኪንሰን ዓይነት የስሕተት ወሰን ድምሩ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢሠራ ይጸናል። ስለዚህ ኮምፓይለሩ አንዱን ረጅም ድምር በአራት ወይም በስምንት ትይዩ ድምሮች ከፍሎ ቢሠራው፣ መልሱ በመጨረሻዎቹ አኃዞች ይለያያል እንጂ ከተገባው ወሰን አይወጣም። በመጀመሪያው ቅደም ተከተል የተገኘው መልስ ከሁለተኛው የሚበልጥ ክብር የለውም። ማባዛትንና መደመርን በአንድ ማጠጋጋት የሚያጣምረው ትእዛዝም፣ በ1990 ከአይቢኤም ፕሮሰሰሮች ጋር መጥቶ በ2008 በዓለም አቀፉ የፍሎቲንግ ፖይንት ደረጃ ውስጥ የገባው፣ ከወሰኑ አያስወጣም። እንዲያውም ስሕተቱን ይቀንሳል።

ወሰኑ የማይጠብቃቸው ፕሮግራሞች ግን አሉ። ዊልያም ካሃን በ1965 ያሳተመው የድምር ዘዴ በእያንዳንዱ መደመር የጠፋውን ትርፍ በመቀነስ አግኝቶ በሚቀጥለው ዙር ይመልሰዋል። ያ ትርፍ በንጹሕ ሒሳብ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። የአልጀብራን ሕግ እንዲከተል የተፈቀደለት ኮምፓይለር፣ ለምሳሌ ጂሲሲ በፋስት ማዝ አማራጩ፣ መስመሩን ከንቱ አድርጎ ሊሰርዘው ይችላል። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ወደ ተራ ድምር ይመለሳል። በተጣመረው ትእዛዝም እንዲሁ፦ ሀ ከ ለ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ ሀ×ሀ−ለ×ለ ዜሮ ላይሆን ይችላል፤ አንዱ ብዜት ተጠጋግቶ ሌላው ሳይጠጋጋ ይቀናነሳሉና። ቀጥሎ የዚህን ውጤት ካሬ ሥር የሚጠይቅ መስመር ካለ፣ ከዜሮ በታች የሆነች ጥቃቅን ቁጥር ፕሮግራሙን ትሰብረዋለች።

ልዩነቱ እንግዲህ በሁለት ዓይነት ፕሮግራሞች መካከል ነው። አንደኛው ማጠጋጋትን እንደ ጉዳት ቆጥሮ የሚችለው ነው፤ ሁለተኛው ማጠጋጋት በትክክል የት እንደሚፈጸም አውቆ በእርሱ ላይ የሚገነባ ነው። የመጀመሪያውን ለኮምፓይለሩ አምኖ መስጠት ይቻላል። ሁለተኛውን ግን አይቻልም።

ከአልጎል ወደ ፎርትራን

የ1971ዱ መድብል ፕሮግራሞች አንድ ችግር ነበረባቸው። ዊልኪንሰን ከፓይለት ኤስ ዘመን ጀምሮ የብዜቶችን ድምር በእጥፍ ርዝመት መያዝን ይወድ ነበር፤ አልጎል 60 ግን እጥፍ ርዝመት የሚባል ነገር አያውቅም። በመሆኑም ያንን ክፍል በእያንዳንዱ ማሽን ቋንቋ ለየብቻ መጻፍ ግድ ነበር። የስሌትን ትክክለኛነት በሚገባ የሚገልጽ ቋንቋ አለመኖሩ በኋላ ከኮምፓይለሮች ጋር የተነሣው ሙግት ሥር ነው።

የአይገንቫልዩ ፕሮግራሞቹ በአሜሪካ በአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ወደ ፎርትራን ተተርጉመው አይስፓክ በሚል ስም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተሠራጩ። ፎርትራን ከመጀመሪያው፣ ከ1957 ጀምሮ፣ ኦፕቲማይዝ በሚያደርግ ኮምፓይለር የታጀበ ቋንቋ ነው። ደንቡ በሒሳብ እኩል የሆነ ማንኛውንም አገላለጽ መተካት ይፈቅዳል፤ ቅንፎችን ግን ማክበር ግዴታ ነው። የመጀመሪያው የሲ ቋንቋ ደግሞ ቅንፉንም እንኳ አያከብርም ነበር፤ ይህ የታረመው በ1989ኙ የአሜሪካ ደረጃ ነው።

በ1983ቱ የአይስፓክ እትም ውስጥ የማሽኑን የማጠጋጋት መጠን የሚያሰላ አጭር ንዑስ ፕሮግራም ይገኛል። 4ን ለ3 አካፍሎ 1 ይቀንሳል፤ ቀሪውን ከራሱ ጋር ሦስት ጊዜ ደምሮ እንደገና 1 ይቀንሳል። በንጹሕ ሒሳብ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ በማሽን ላይ ግን የሚቀረው ትንሽ ቁጥር የተፈለገው ልክ ነው። ጸሐፊዎቹ ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ ስሌቱን እንዲደግም የሚያዝ መስመር ጨመሩበት። አስተያየት መስመሩም ዓላማውን በግልጽ ይናገራል፦ የመጀመሪያው ክፍልፋይ በሜሞሪ ውስጥ ባለው ትክክለኛነት መያዙን ለማረጋገጥ ኦፕቲማይዝ የሚያደርጉ ኮምፓይለሮችን ማስገደድ ነው። መስመሩ የተጻፈው ለስሌቱ ሳይሆን ለኮምፓይለሩ ነው።

ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። የኢንቴል 8087 እና ተከታዮቹ በሬጅስተር ውስጥ ቁጥርን በ80 ቢት ይይዛሉ፤ ወደ ሜሞሪ ሲጻፍ ወደ 64 ቢት ይጠጋጋል። የትኛው ቁጥር በሬጅስተር እንደሚቆይ የሚወስነው ኮምፓይለሩ ነው። በአይስፓክ ውስጥ ድግግሞሹ መቼ እንደሚቆም የሚወሰነው፣ ትንሿ ቁጥር በትልቋ ላይ ስትደመር ትልቋ ሳትለወጥ ከቀረች ነው። ድምሩ በ80 ቢት ከተያዘ ይህ ሁኔታ ዘግይቶ ይደርሳል። ፕሮግራሙ ለአንድ አይገንቫልዩ ከ30 ዙር በላይ ስለማይታገሥ፣ በአንዱ የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ የሚያልፍ ስሌት በሌላው ላይ የስሕተት ምልክት ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ዊልኪንሰን በ1980 ከላቦራቶሪው ጡረታ ወጣ፤ ከ1977 እስከ 1984 ድረስም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በጎብኚ ፕሮፌሰርነት አስተማረ። የፍሎቲንግ ፖይንት ማሽኖችን ባሕርይ ያስማማው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ1985 ጸደቀ። ዊልኪንሰን በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1986፣ በቴዲንግተን አረፈ። በ1992 አይስፓክን የተካው ላፓክ ሲወጣ፣ ሁለት ቁጥሮችን ወስዶ ድምራቸውን ከመመለስ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ንዑስ ፕሮግራም ተካተተበት። የተጻፈው ኮምፓይለሩ ከቁጥሮቹ አንዱን በሬጅስተር ደብቆ እንዳያቆይ ነው። ንዑስ ፕሮግራሙ የሚገኝበት ፋይልም ያለ ኦፕቲማይዜሽን እንዲተረጎም የመጫኛ መመሪያው ያዛል።